ቃሉ ቀርቶ ፎቶው ደረሰ

ያችን ፎቶ እስከዛሬ እጠላታለሁ። ሴትዮዋን አይደለም፤ እሷ ምን አደረገችኝ? ፎቶዋን ነው። ያነሣትን ሰው፣ አንሥቶ ባሕር አሻግሮ የወሰዳትን፣ ከስንት ዘመን በኋላ ከሣጥን አውጥቶ ኢንተርኔት ላይ «እዩ» ያለውን፣ ከዚያ ላይ ቆርጣ የላከችውን የገዛ ልጄን ጭምር ተናድጄባቸዋለሁ። ንዴቱ ሲወጣልኝ እጽፈዋለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ጭራሽ ባሰብኝ። ስለዚህ ከነንዴቴ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ልጄን ልንገራችሁ። አንድ ናት። አባቷ እሷ ጡት ሳትጥል ሞተብኝ፤ እኔም ርብ ዳር ያለችኝን መሬት ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ወረታ ገባሁ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት እንዳትርቅ ብዬ። ሩዝ ለቅሜና አበጥሬ ነው የማድር። እኔ አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ያቋረጥሁ ነኝ፤ ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ እጄ ግን ይዘገያል። እሷ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ከገባች ጀምሮ እኔ እንቅልፍ የለኝም። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ዛሬ ክፍት ነው ይባላል፣ ነገ ዝግ ነው ይባላል፣ ስልኩ ይሠራል ሲባል ይጠፋል። ስትሄድ እፈራለሁ፣ ስትመጣ ደግሞ ይብሳል።

ፎቶ ማየቱን ያመጣችብኝ ባለፈው ጥር ለዕረፍት ስትመጣ ነው። እኔ ሩዝ እለቅማለሁ፤ እሷ ከጎኔ ተጋድማ ስልኳን ታያለች።

«እማ፣ እይ እስኪ።»

«እጄን ሥራ ይዞታል።»

«እጅሽን ማን ጠየቀሽ? ዓይንሽን ስጭኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የፈረንጅ አገር ሙዚየሞች፣ ቤተ መጻሕፍቶቻቸውም፣ የድሮ ወረቀት የሚያስቀምጡባቸው ቤቶችም፣ በድሮ ጊዜ አገራችን መጥተው የሄዱ ሰዎች ያነሡትን ፎቶ ሁሉ እንደ እህል አስጥተውታል። የፈለገ ገብቶ ያያል። የአገሩን ስም ትጽፊያለሽ፣ ይመጣልሻል። ልጄ ጣና ብላ ትጽፋለች፣ ጎንደር ብላ ትጽፋለች፤ ፎገራን ደግሞ ፈረንጆቹ አጣመው እንደጻፏት አጣማ ትጽፋታለች። ከዚያ በጣቷ እየገፋች ታሳየኛለች።

ወደድሁት። ልዋሽ አልችልም። ፎገራን ሩዝ ሳይገባባት አየኋት። ሣር ብቻ! ሣሩ ከመርዘሙ የተነሣ ከብቱ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው፤ ጥቁርና ነጭ የተቀባቡት የእኛዎቹ ላሞች። እኔ ልጅ ሆኜ የማስታውሰው ሣር የዚያን ግማሽ አይሆንም። አሁንማ እስከ ሐይቁ አፍ ድረስ ሩዝ ነው፣ ላም ወዴት ትሰማራ? የደንገል ታንኳ አየሁ። ገበያ አየሁ። «ጨምሪ» እላታለሁ፣ ትጨምራለች። ፍል ውኃ ውስጥ ተነክረው የተቀመጡ በሽተኞችም አየሁ። «የእኛው ወንዛዬ ይሆን?» አልኋት። «‹ፍል ውኃ› ብቻ ነው የሚለው» አለችኝ። ራቁታቸውን ናቸው። አንዷ ሴት ፊቷን በክንዷ ልትሸፍን ስትል ቀድሞ አንሥቷታል። ልታከም ብሎ ውኃ የገባን ሰው ፎቶ ያነሣል? ቁጣዬ ከዚያ ጀመረ።

«ሥሩ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?» አልኋት።

«ያነሣው ሰውዬ ስም።»

«ይሄኛውስ?»

«ፎቶውን ለሙዚየሙ የሰጠው የልጅ ልጁ ስም።»

«የሰዎቹስ?»

ወደላይም ወደታችም ገፋችው። «‹የአገሬው ሰዎች› ይላል።»

ሌላ ቀን ስልኳ ላይ አንዲት በቅሎና ልጓሟን የያዘ ሰው መጡ። ልጄ አንብባው ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?»

«የበቅሎዋ ስም ተጽፏል እማ።»

«የሰውየውስ?»

«‹አሽከር› ነው የሚለው።»

ሰፌዱን አስቀመጥሁት። «ዝጊው» አልኋት።

«አንች ደግሞ! እኔ ጻፍሁት?»

«ዝጊው አልሁ! በቅሎ ስም ኖሯት ሰው ስም የሌለውን ነገር ቤቴ ውስጥ አታምጭብኝ።»

ዘጋችው። በማግስቱ «እስኪ ትናንት ያቆምንበትን አምጭው» ያልሁ ግን እኔው ነኝ። የማውቀው ፊት ፈልጌ ነው። እናቴ ፎቶ ሳትነሣ ነው የሞተች። ትንሽ ልጅ ስለነበርሁ መልኳ ከዓይኔ ጠፍቷል፤ እጆቿ ትዝ ይሉኛል፣ ፊቷ አይመጣልኝም። ያሳደጉኝ ርብ ዳር ያሉት የአባቴ እህት ናቸው፤ እሳቸውን ስጠይቃቸው «መስተዋት እይ፣ እሷን ነሽ» ይሉኛል። ይሄ መልስ ነው?

ለቅሶዋ ላይ ቀሚሷና ነጠላዋ ተይዞ እንደተለቀሰ አስታውሳለሁ። ያኔ እንዲያ ነበር። ወንድ ከሞተ ጠመንጃውና ጋቢው፣ ሴት ከሞተች ቀሚሷ ይወጣና አልቃሹ እሱን እያነሣ ያለቅሳል። አሁን በቀሚሱ ቦታ ፎቶ ገብቷል። የሟቹ መታወቂያ ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ ወረታ ፎቶ ቤት ትመጣና ትልቅ ሆና ትመለሳለች፤ ስትተልቅ ቀለሟ ይለቃል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ እሱን ይዘው ደረት ይመታሉ። ስልክ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሩቅ ላለ ዘመድ ፎቶው ይላክለታል። ቃል አይጻፍበትም። ያን ቃል ማን ደፍሮ ይጽፈዋል? ፎገራ ሜዳው ላይ ያለ ሰው የትልቅ ሰው ፎቶ፣ ያውም ጥቁርና ነጭ፣ ያለ ቃል ከደረሰው ነጠላውን ያዘቀዝቃል። ይሄን አክስቴ ያውቃሉ፣ እኔ አውቃለሁ፣ ርብ ዳር ያለ ሁሉ ያውቃል። ልጄ ግን የወረታ ልጅ ናት። ለእሷ ፎቶ ፎቶ ነው።

ያች የፎቶዋ ሴትዮ የመጣችው ልጄ ልትመለስ ባለችበት ዋዜማ ነው። ከተጋደመችበት ብድግ አለች።

«እማ! አንች ነሽ!»

ስልኩን ተቀበልኋት። ከሣር ጎጆ ደጃፍ ላይ የቆመች ሴት ናት። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች፣ በሌላው ፀሐዩን ትከላከላለች። ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ላይ ንቅሳት፣ እኔም ልጅ ሆኜ የተነቀስሁት ዓይነት። ፊቷ የኔ ነው። ይሄ ወደ አንድ ወገን የሚሄደው አፌ የእሷ አፍ ነው። ደግሞ ተቆጥታለች። ያነሣትን ሰውዬ «ምን ፈልገህ ነው?» የምትለው ይመስላል።

«ስትቆጭ ልክ እንደዚህ ነሽ» አለች ልጄ።

አማተብሁ። «ማን ትባላለች?»

«‹ሴት፣ ጣና አጠገብ› ይላል።»

«ስሟን ነው ያልሁሽ።»

«የለም።»

«የአባቷስ?»

«እማ፣ የእሷ የሌለ የአባቷ ከየት ይመጣል?»

«በቅሎ ብትሆን ይጽፏት ነበር» አልሁ።

ልጄ ከሥሩ፣ ስለ ሥዕሉ የምታውቁት ካለ ጻፉልን የሚል ቦታ አለ አለችኝ። ይሄ ደግሞ ደሜን አፈላው። ሰውየው እኮ ፊት ለፊቷ ቆሞ ነበር! አፍ ነበራት፣ ጆሮ ነበረው፣ አስተርጓሚም አያጣም። «ስምሽ ማነው?» ማለት ምን ይከብደው ነበር? እሱ ደጇ ድረስ ሄዶ ያልጠየቀውን እኔ ዛሬ ሩዝ እየለቀምሁ ልንገራቸው?

ስልኩን መለስሁላት። «ይችን ለማንም አታሳያት።»

«ለምን?»

«እንጃ። ፈራሁ።»

እውነቴን ነው፣ ፈርቻለሁ። በቁሜ የራሴ ፎቶ ለቅሶ ላይ ተይዞ ያየሁ መሰለኝ። ልጄ ሳቀችብኝና ወደ ትምህርቷ ሄደች።

ነሐሴ ደረሰ። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ደወለችልኝ። «ነገ እነሳለሁ፣ ማታ ቤት ነኝ» አለች። ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሸፍኖታል፤ መብራት ከሄደ ሰንብቷል። ከእሷ ጋር አውርቼ እንደጨረስሁ ስልኬ ሞተ። ጎረቤቴ ባለሱቋ በፀሐይ የሚሠራ መሙያ ስላላት እሷ ዘንድ አስቀመጥሁት፤ በነሐሴ ፀሐይ መቼም ስንት ቀን እንደሚፈጅ እግዜር ይወቀው። የሱቋን ስልክ ተውሼ ስሞክር ደግሞ ያች የስልኳ ሴትዮ ትመጣለች፤ የደወልሽላትን ማግኘት አትችይም ትለኛለች። ድምፅዋ ምንም አይደነግጥም። እንዲህ ያለውን ነገር ለእናት የሚነግር ሰው ትንሽ እንኳ አይደነግጥም?

ትመጣለች በተባለበት ቀን ከሰዓት መገንጠያው ላይ ወጥቼ ቆምሁ። የጎንደሩ መንገድና የደብረ ታቦሩ የሚገናኙበት ነው፤ የሚመጣ ሁሉ በዚያ ያልፋል። የጭነት መኪና መጣ፣ ሚኒባስ መጣ፣ እሷ የለችም። አንድ ባጃጅ ነጂ አየኝና «እናት፣ ቁጭ ይበሉ እንጂ፤ ቆመው መኪናውን አያፈጥኑት» አለኝ። «የሚያፈጥነው ባገኝማ አንተን እዚህ አላይህም ነበር» አልሁት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። መሸና ገባሁ። እሷ አልገባችም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሰፌዴን ይዤ ደጃፌ ላይ ተቀምጫለሁ። እጄ ሩዙ ላይ ነው፣ ጆሮዬ መንገዱ ላይ። ከወፍጮ ቤቱ በኩል የብዙ ሴቶች ለቅሶ ሰማሁ። መጀመሪያ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ «ነፍስ ይማር፣ የማን ይሆን» ብዬ እንኳ ተነሣሁ። ከዚያ አንዱን ድምፅ ለየሁት። የአክስቴ ነው። አክስቴ ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ የእሳቸውን ድምፅ ከሺህ እለየዋለሁ።

ጥጉን ዞረው ብቅ አሉ። ከፊት አክስቴ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወገባቸውን በመቀነት ጠፍረው። ከኋላቸው ምራታቸው፣ ከእሷ ኋላ የማውቃቸው የሜዳው ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው። ሁሉም እስከ ጭናቸው ጭቃ ናቸው። በዚህ ውኃ፣ በዚህ ጭቃ፣ የሩዝ አረም ጥሎ ለተራ ወሬ የሚመጣ ሰው የለም።

በእኛ አገር የልጅ መርዶ ለእናት የሚነገረው በመጨረሻ ነው። አገር ሁሉ ሰምቶ፣ ተጠራርቶ፣ ተሰብስቦ ነው የሚመጣባት። ስለዚህ ምንም አልጠየቅሁም። ምን ልጠይቅ? ሰፌዱ ከእጄ ወደቀ፣ ሩዙ ጭቃው ላይ ተበተነ። «ልጄን! ልጄን!» ብዬ ጮህሁ። ራሴን መሬት ላይ ልጥል ስል ከኋላዬ ሰው ወገቤን ጠምጥሞ ያዘኝ። ጎረቤቴ ናት፣ ሱቋን ክፍት ጥላ ሮጣ። «አብሽሪ! አብሽሪ እህቴ! ያ አላህ፣ ኧረ ያዙልኝ!» ትላለች።

አክስቴ ግን ቆመዋል። ለቅሷቸው አፋቸው ላይ ቀርቷል። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ከኋላ ያሉት አላዩ ኖሮ እየመጡ ጀርባቸው ላይ ተለጠፉ። አንዷ ሴት «ኢየሱስ ክርስቶስ!» ብላ አማተበች፤ ሌላዋ ዞራ ሮጠች።

ጎረቤቴ ቀደመች። «ምንድን ነው እሱ? ማን ሞቶ ነው?»

አክስቴ ጣታቸውን ወደኔ ዘረጉ። «እሷ ናታ!»

«እሷማ ይችው! በእጄ ይዣት!»

አክስቴ ቀስ ብለው መጡ። ጉንጬን ነኩኝ፣ አንገቴን ነኩኝ፣ ሙቀቴን አዩ። ከዚያ ትከሻዬን በጥፊ አጮሉኝ።

«አንች! ሳትሞች ነው ይሄን ሁሉ ውኃ ያሻገርሽኝ?»

«እትዬ፣ ልጄ! ልጄ ምን ሆነች?»

«የምን ልጅ?»

«ልጄን ነው እንጂ የምታለቅሱ!»

«ኧረ አንችን ነው የምናለቅስ! ልጅሽን ማን አነሣት?»

ደስ ሊልሽ ይገባ ነበር ትሉኝ ይሆናል። የመጡት ለኔ ነው፣ ልጄ ሞተች ያለ የለም። ግን አልሞተችምም ያለ የለም! እነዚህ ሁሉ ሰዎች ስለ ልጄ አንዳች አያውቁም። አሁንም መንገድ ላይ ናት፣ አሁንም ስልኳ ዝግ ነው። እኔ በዚያች ቅጽበት አንድ ጊዜ ቀብሬያታለሁ፤ ቀብሬያት ስመለስ ደግሞ ፍርሃቴ እዚያው ቦታው ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

የአክስቴ ምራት ስልኳን ከላስቲክ ፈትታ ሰጠችኝ። «ትናንት ማታ ደረሰን» አለች። አየሁት። ያች ሴትዮ ናት። ጎጆዋ የለም፣ ወገቧ ላይ ያለው እጇ የለም፤ ልጄ ቆርጣ ፊቷን ብቻ አስቀርታዋለች። ጥቁርና ነጭ። ከሥሩ ምንም ቃል የለም።

«ከልጅሽ ነው የመጣ» አለች ምራትዮዋ። «ብንደውል ያንችም ዝግ፣ የእሷም ዝግ። ‹እናቷ ሞታባት መናገር አቅቷት ነው› አልን።»

«ድንኳን ሳጣ እኮ ነው የነደድሁ!» አሉ አክስቴ። «ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሼ ወዲህ ባይ ድንኳን የለም፣ ሰው የለም። የእድርሽን ሰዎች አንድ በአንድ ረገምኋቸው። ‹ድንኳን እንኳ ሳይተክሉላት!› ብዬ።»

ጎረቤቴ ሳቋ አመለጣትና አፏን በሻሿ ያዘች። እኔ ግን ምድር ጠበበችኝ። ለማንም አታሳያት ብያት ነበር! ብያት ነበር እኮ!

እግራቸውን ታጥበው ገቡ። ወንዶቹ ደጅ አጥሩን ተደግፈው ተቀመጡ። ንፍሮ ቀቅለው ይዘው ነበር የመጡ፣ ለለቅሶ ቤት የሚሆን። «ይሄ ወደቤት አይመለስም፣ ብይ» ብለው አስጨበጡኝ። ስለዚህ የራሴን ለቅሶ ንፍሮ በላሁ። ጨው የለውም።

«ለኔ ነው ጨው የቆጠባችሁ?» አልሁ በንዴት።

«እያለቀስን ነው የቀቀልነው፤ ማን አስተዋለ?» አለች አንዷ።

«ሙሾውስ ምን ነበር? ምን ብለው ሊያለቅሱልኝ ነበር እትዬ?»

«ሳትሞች አልነግርሽም!» አሉ አክስቴ ተቆጥተው። «መንገዱን ሙሉ የለፋሁበት ነው።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሴቶቹ ያንን ፊት ያያሉ፣ ቀና ብለው እኔን ያያሉ። «ታዲያ ይች ማን ናት?» ተባለ። የማውቀውን ነገርኋቸው፤ ፈረንጅ ድሮ መጥቶ አንሥቷት እንደሄደ፣ ሙዚየም እንዳስቀመጧት፣ አሁን ለሰው ሁሉ እንዳወጧት፣ ስሟ እንደማይታወቅ።

«እንዴት አይታወቅም?» አሉ አክስቴ። «ያነሣት ሰው አያውቃትም?»

«አልጠየቃትም።»

«ታዲያ ደጇ ድረስ ምን ሊያደርግ ሄደ?»

አክስቴ ፎቶውን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩት። እናትሽን ትመስላለች ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «እንጃ» ብቻ አሉ። «የኛም ትሆን፣ የሰውም ትሆን። አላውቃትም።» ስልኩን አልመለሱትም። እንደ ቀሚስ ከፍ አድርገው ያዙት፣ ድምፃቸውን አነሡ፦

«መልክሽን ወሰደው፣ ስምሽን ጥሎ ሄደ፤
ማን ብዬ ላልቅስሽ ሆዴ እየነደደ።»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ለኔ ብለው ያመጡት እንባ ሁሉ ለእሷ ፈሰሰ። ምራትዮዋ በክንዷ ጎሸመችኝ፣ «አልቅሽላት እንጂ» ስትል። «የኔዋን ሳላውቅ የሰው አላለቅስም» አልኋት። ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነው።

ባጃጅ ቆመ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ በስንጥቁ አየኋት። ልጄ ናት። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወረደች። አጥሩን ተደግፈው የተቀመጡትን ወንዶች አየች። ነጠላቸውን አየች። ከውስጥ ሙሾውን ሰማች። ቦርሳዋ ጭቃ ላይ ወደቀ።

«እማን! እማዬን!»

ጩኸቷን ሰማሁ፤ በሕይወት አለች፣ ድምፅዋ ነው፣ ደህና ናት። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ሳልጨርስ ንዴቱ መጣ። ሴቶቹ «ውጭላት! ውጭላት እንጂ!» አሉኝ። አልቸኮልሁም። እኔ ጠዋት የቀመስሁትን እሷም ትቅመሰው አልሁ። አንድ ጊዜ ሙሉውን ትጩኸው። ትልቅ ሰው ይሄን አያደርግም የሚለኝ ካለ፣ መጀመሪያ እኔ በቆምሁበት ደጃፍ ይቁም።

ከዚያ ወጣሁ። ስታየኝ እላዬ ላይ ተከመረች። አቅፌ ያዝኋት፣ በዚያው እጄ ጀርባዋን መታሁት።

«ምን አደረግሁ?» ትላለች እየተንሰቀሰቀች። «ምን አደረግሁ እማ?»

«ገደልሽኝ! ቀብረሽ አስለቀስሽኝ! አታሳያት አላልሁሽም?»

«ለእትዬ ብቻ ነው እኮ፣ በምራታቸው ስልክ! ያውቋት እንደሆነ ብዬ! ጽፌላቸዋለሁ እኮ!»

ስልኳን አውጥታ አሳየችን። ፎቶው ሄዷል። ከፎቶው ሥር የጻፈችው አለ፦ «እትዬ፣ ይችን የድሮ ሴት ይዩልኝ፣ እማን አትመስልም?» አጠገቡ ያች ትንሿ የሰዓት ምልክት ተቀምጣለች። ቃሉ አልወጣም። ፎቶው እንዳለፈ ኔትወርኩ ጠፍቶ ቃሉ እዚያው ስልኳ ውስጥ ቀርቷል። እሷ ደርሷል ብላ ስልኳን ዘግታ ተኝታለች። መንገዱ ስለተዘጋ መኪናው ውስጥ ነው ያደሩት።

«ለምን ያኔ ላክሽው? ቤት እስክትደርሽ አትጠብቂም?»

«መኪናው ቆሞ... ሰለቸኝ።»

«ሰለቸሽ!»

አሁንም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። ሰለቸኝ! ልቀጥል ስል አክስቴ መሐላችን ገቡ። «በቃ፣ ተያት» አሉኝ። «ልጅቷን እንዳትገድያት፤ ሁለተኛ ውኃውን የምሻገርበት ጉልበት የለኝም።» ወንዶቹ ሳቁ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነጠላውን ያስተካከለው።

ልጄ ያን ሰሞን ሙዚየሙ ቤት የሚጻፍበት ቦታ ላይ ልጻፍላቸው አለችኝ። «ምን ብለሽ?» አልኋት። «አንች በይኝ» አለች። «ስሟን አላወቅንም፣ እናንተም አልጠየቃችኋትም፣ እኛ ግን አልቅሰንላታል ብለሽ ጻፊ» አልኋት። በነሱ ቋንቋ ጻፈችው። መልስ መጣ። ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን ይላል። አስተያየት! ፎቶዋ ሥር ዛሬም «ሴት» ነው የሚለው። ስሟ ከሥሯ ቢጻፍ ልጄ ማን ናት ብላ ባልላከቻት፣ ማንም እኔ አድርጎ ባላለቀሳት ነበር። ስም የሌለው ፊት የማንም ሬሳ ይሆናል፤ ይሄን ደጄ ድረስ መጥተው ነው ያሳዩኝ።

ከዚያ በፊት ግን፣ እንግዶቹ አድረው በማግስቱ ሲመለሱ፣ ውኃው ብሶ ስለነበር ፈራሁላቸው። «ስትደርሱ ንገሩኝ» አልኋቸው። ልጄን ደግሞ «ፎቶ አንሽኝ» አልኋት። ደጃፌ ላይ ቆምሁ። እጄን ወገቤ ላይ አደረግሁት፤ ሳላስበው ነው።

«አሁን ጻፊ። የኔን ስም፣ የአባቴን፣ የእናቴን። የተወለድሁባትን ጎጥ። በሕይወት መኖሬንም ጻፊ።»

«እሱን እንኳ ማን ይጽፋል እማ?»

«አንች ትጽፊያለሽ።»

ጻፈችው፤ አልሳቀችም። ኔትወርኩ ሲመለስ ለአክስቴ ምራት ልንልከው ተቀመጥን። ቃሉን መጀመሪያ አስላክሁት። ያች የሰዓት ምልክት መጣች፣ ቆየች። ልጄ «ሄዷል በቃ፣ ፎቶውን ልላከው» አለች። እጇን ያዝሁት። ምራትዮዋ «ደረሰን፣ ደህና ገብተናል» ብላ እስክትመልስ ድረስ አልለቀቅኋትም።